ጆይስቲኩ ነው

«ጆይስቲኩ ነው! እኔ ልሙት፣ ኤክሷ አትሠራም!»

ሶልያና ይህን ስትል ስክሪኑ ላይ የተዘረረው ተዋጊዋ ገና ተንፈራግጦ አልጨረሰም። ያሸነፋት አብዲ ነው። እሷ ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ እሱ አምስተኛ፤ ቁመቱ ብብቷ ሥር ቢሆንም ምላሱ ሁለቱንም ያህላል። ጆይስቲኩን ከእጇ ተቀበለና ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጎ እንደ ሐኪም አገላብጦ አየው።

«ጆይስቲኩ ጤነኛ ነው» አለ። «በሽተኛዋ ሌላ ናት።»

ጌም ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሶልያና ብዙም አልከፋት፤ ነገ እሱ ሲሸነፍ ያንኑ እንደሚል ታውቃለች። ሐይቅ ዳር ባለው በጋሽ ሽበሺ ጌም ቤት ጥፋቱ የጆይስቲክ ያልሆነ ሽንፈት ታይቶ አይታወቅም። ጋሽ ሽበሺ በሩ ላይ ተቀምጠው ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ይውላሉ። ስለ ጌም የሚያውቁት አንድ ሕግ ብቻ ነው፤ የተሸነፈ ይነሣል። ሕጉ አጭር ነው፣ ማስፈጸሙ ግን ጦርነት ነው። አንዱ የወንበሩን እግር በእግሩ ይቆልፋል፣ ሌላው «አንድ ብቻ፣ የመጨረሻ» እያለ ይለማመጣል፣ ተረኛው ደግሞ ከኋላ ቆሞ ማጅራቱ ላይ ይተነፍስበታል።

ሶልያናም ወንበሩን ቆልፋ «አንድ ብቻ» እያለች ሳለ ወንድሟ እዮኤል ላፕቶፑን በጀርባው አዝሎ ገባ። እዮኤል ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነው፤ ሶፍትዌር ያጠናል። ወደ ቤት ሊወስዳት የመጣ መስሏት ነበር። እሱ ግን ጉሮሮውን ጠራርጎ ለሁሉም ተናገረ። የመመረቂያ ሥራው የሆነው ጌም አልቋል፣ አማካሪው በእውነተኛ ተጫዋቾች አስሞክረው ብሎታል፣ ጋሽ ሽበሺንም አስፈቅዷል፤ ስለዚህ ቅዳሜ እዚሁ ያመጣዋል።

ልጆቹ አጨበጨቡ። ሶልያና ግን አላጨበጨበችም። ምክንያቱም ጌሙ ደባሪ ነበር።

ለማየትማ የሚያምር ነገር ነው። ሐይቁ ከነጀልባዎቹ፣ ዓሣ ገበያው ከነግርግሩ አለ። ጀግናው ወጣት ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ተጫዋቹ ከጀርባው ሆኖ እየተከተለ ይመራዋል፣ እሱም መቅዘፊያውን ይዞ ዓሣውን ሊዘርፉ ከሚመጡ ግዙፍ አባ ኮዳዎች ጋር ይደባደባል። አባ ኮዳዎቹ ሐይቁ ዳር እንደሚቆሙት እውነተኞቹ ወፎች ራሰ በራና ቁም ነገረኛ ናቸው። የሁሉም አለቃ የሆነውን ትልቁን እዮኤል «ሊቀመንበሩ» ብሎታል፤ ስብሰባ ሊከፍት የመጣ ስለሚመስል።

ሲጫወቱት ግን ሌላ ነው። ሶልያና የመምቻዋን ቁልፍ ኤክስን ትጫናለች፤ ምንም የለም። ዓሣ አጥማጁ መጀመሪያ ይንጠራራል፣ መቅዘፊያውን ቀስ አድርጎ ከትከሻው በላይ ያነሣል፣ አንዴ ይሽከረከራል፣ ከዚያ በኋላ ደስ ሲለው ይመታል። የተመታው አባ ኮዳ ደግሞ ነገሬም አይል። ከራሱ በላይ ያለችው ቀይ መስመር ትንሽ ትቀንሳለች እንጂ እሱስ ስለ ሌላ ጉዳይ እያሰበ ነው።

ያ መሽከርከር የእዮኤል ኩራት ነው። ግቢ ውስጥ በመጥረጊያ እንጨት ራሱን በስልክ እየቀረጸ ለሳምንታት የደከመበት ነው። እናታቸው አባይነሽ አንድ ቀን ከምትሠራበት ሆቴል ስትመለስ፣ ልጇ ብቻውን መጥረጊያ ይዞ ከአየር ጋር ሲደባደብ አገኘችው። አንድ ቃል ሳትናገር ወጥታ የጸሎት ጓደኞቿን ይዛ ተመለሰች። ሴቶቹ እጃቸውን ጭነው ሲጸልዩለት እሱ መጥረጊያውን አልለቀቀም ነበር።

ጌሙን መጀመሪያ ለሶልያና ያሳያት ዕለት ዓይን ዓይኗን እያየ «እንዴት ነው?» አላት። «አሪፍ ነው» አለችው። ምን ትበል? ባለፈው ዓመት የባጃጅ መጥሪያ አፕ ሠርቶ አንድም ባጃጅ ነጂ ሳይቀበለው ሲቀር ሳምንቱን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል፤ እናታቸው አጥሚት በማንኪያ ታጠጣው ነበር። አሁን ደግሞ ጌሙ ካልሆነለት ትቶት የቤተ መጻሕፍት መመዝገቢያ ሲስተም እንደሚሠራ ነግሯታል። ከክፍሉ ተማሪዎች ግማሾቹ የሚሠሩት እሱን ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ጌም ከመሥራት ሌላ ሕልም ያልነበረው ወንድሟ መጽሐፍ ሲመዘግብ ልታየው አልፈለገችም። ስለዚህ በጠየቃት ቁጥር «አሪፍ ነው» አለች፤ ውሸቱም እርሾ እንደገባበት ሊጥ ኩፍ አለ።

የጋሽ ሽበሺ ልጆች ግን ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። በቀደም አንድ ልጅ አዲስ ጌም ይዞ ቢመጣ «ቀሽም» ብለው በፉጨት ነው የሸኙት። እዮኤልን እንዲህ ሲያደርጉት በዓይነ ኅሊናዋ አየችው፤ ከዚያም አልጋውን፣ ግድግዳውን፣ አጥሚቱን።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አብዲንና ጓደኛውን ፊልሞንን ቦምቦሊኖ ከሚጠበስበት ጥግ አገኘቻቸው። ጉዳዩን አስረዳቻቸው። ነገ ወንድሟ ጌሙን ሲያመጣ ማንም ሙድ አይያዝበት፣ ማንም «ቀሽም» አይበል፣ ለሌሎቹም ይንገሩ። ለዚህ ውለታ ለሁሉም ቦምቦሊኖ አለ።

አብዲ አገጩን ይዞ አሰበ። «ስኳር ያለበት ነው የሌለበት?»

«ያለበት።»

«ወንድምሽ ጀግና ነው» አለ አብዲ።

ቅዳሜ ጌም ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። እዮኤል ለምረቃው የተገዛለትን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ፤ ይህ ብቻውን የሶልያናን አንጀት በላው። ላፕቶፑን ከትልቁ ስክሪን ጋር አገናኘ፣ ሐይቁ ብቅ ሲል ልጆቹ ከልባቸው «ዋው» አሉ። እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር።

መጀመሪያ የተቀመጠው አብዲ ነው። ኤክስን ተጫነ። ዓሣ አጥማጁ ተንጠራራ። አብዲ ዞር ብሎ ሶልያናን አያት፣ እሷም ዓይኗን አፈጠጠችበት። ወደ ስክሪኑ ተመለሰና «እንዴት ያለ መንጠራራት ነው በናታችሁ» አለ። ከኋላው ፊልሞን ደመናው በጣም እንደሚመች ተናገረ። ሌላው የውሃውን ቀለም አደነቀ። አባ ኮዳዎቹ በዚህ መሐል ዓሣ አጥማጁን ከበው ይደበድቡታል። አብዲ የመሸሻዋን ቁልፍ ቢቀጠቅጣት፣ ሰውዬው መሽከርከሩን ሳይጨርስ ወይ ፍንክች። ሞተ።

አብዲ ጆይስቲኩን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ።

ጋሽ ሽበሺ ሬዲዮናቸውን ቀነሱ። ያ ቤት ከተከፈተ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶበት አያውቅም።

ከዚያ የባሰው መጣ። አብዲ ማንም ሳይለው ተነሥቶ ወንበሩን ለፊልሞን አቀረበ። ፊልሞን ኧረ አንተ ቀጥል አለ። አብዲ በፍጹም፣ ተራው ያንተ ነው አለ። ፊልሞን በሞቴ ብሎ ለመነው። አንዱ ትንሽ ልጅ ሲሰጡት «እኔ ጠግቤያለሁ» ብሎ ለጎረቤቱ አሳለፈ። ጆይስቲኩ፣ ሰርግ ቤት ሳህኑ ላይ አንዲት ቁራጭ ሥጋ ቀርታ ሰው ሁሉ አንተ ብላት አንተ ብላት እንደሚባባልባት፣ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሁሉም ያመሰግናል፤ የሚቀመጥ ግን የለም። ጋሽ ሽበሺ እነዚህ ልጆች ዛሬ ምን ነካቸው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

የእዮኤል ፈገግታ ቀስ በቀስ ከፊቱ ተነነ። እሱም ያደገው እዚሁ ቤት ነው። ይህንኑ ወንበር በእግሩ ቆልፎ፣ ከተረኛው ጋር ተጓትቶ፣ ጆይስቲክ ከሶ ነው ያደገው። ተራውን በትሕትና የሚለቅ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ለእሱ ማስረዳት አያስፈልግም።

«ቀጣይ ማነው?» አለ በዝግታ።

ሰው ሁሉ ጣራውን ማየት ጀመረ። የተሰማው የአብዲ ድምፅ ብቻ ነው።

«ሶሊ፣ ቦምቦሊኖው አሁን ነው ሲያልቅ?»

እዮኤል ገመዱን ነቀለ፣ ላፕቶፑን ዘጋ፣ ጋሽ ሽበሺን እጅ ነሥቶ ወጣ። ሶልያና ተከተለችው። በሐይቁ ዳር መንገድ ሲሄዱ አንድ አባ ኮዳ የዓሣ ጭንቅላት ሲጠብቅ ቆሞ አገኙት። ወፉ እዮኤልን ከላይ እስከ ታች አየው። እዮኤል ቀና ብሎ ሳያየው አለፈ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸው ነበር።

ቤት ሲደርሱ ግቢው ውስጥ ካለው የልብስ ማጠቢያ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ነጭ ሸሚዙን አላሰበለትም። ሰኞ አማካሪው ጋ ሄዶ የቤተ መጻሕፍቱን ሲስተም እሠራለሁ እንደሚለው ነገራት።

«እዮ፣ ልጆቹ እኮ...»

«ልጆቹን ተያቸው። አንቺስ፣ እኔ ሳልጠይቅሽ አንድ ቀን ከፍተሽ ተጫውተሽው ታውቂያለሽ?»

ላፕቶፑ ከነጆይስቲኩ ዓመቱን ሙሉ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ነበር። ጌም ካገኘች ምሳዋን የምትረሳው ልጅ ዘወር ብላም አላየችው። አፈረች። ይህን ሁሉ ጊዜ እያሞገሰችው ብቻውን ትታው እንደከረመች የገባት ገና አሁን ነው።

ይህን ጊዜ እናታቸው የደረቀ ልብስ ልትሰበስብ ወጣች። ከማጠቢያው ሥር አንድ ወፍራም በረሮ ብቅ አለ። ጷ! ነጠላ ጫማው ከእግሯ ሲወጣ ማንም አላየም። እጇ ጫማውን እንደያዘ ለቅጽበት ቀጥ አለች። በረሮው ተስፈንጥሮ ግድግዳው ሥር በጀርባው ወደቀና እግሩን አወናጨፈ። እሷ ጫማዋን አጥልቃ አንሶላውን ማጠፍ ቀጠለች።

«አየሃት?» አለች ሶልያና።

«ምኑን?»

«እማዬ ተንጠራራች? ተሽከረከረች? ልምታው ስትል ጫማው ደርሷል። ያንተ ሰውዬ ግን ኤክስን ስጫን መጀመሪያ ይንጠራራል። የእኔ እጅ መትቶ ጨርሷል፣ እሱ ገና እያሰበ ነው።»

ሶልያና ከጀመረች አይቀር ብላ ቀጠለች።

«ሲመታም የመታ አይመስልም። ጭስ እንደ መምታት ነው። ድምፅ የለው፣ አባ ኮዳው አይደነግጥ፣ አይንገዳገድ። ይሄ በረሮ እንኳን ከሊቀመንበሩ ይሻላል፤ መመታቱን ያውቃል።»

«ሌላስ?» ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።

ለሶልያና የቀረው ከባዱ ነው። «መሽከርከሩ። አንዴ ከጀመረ መሸሽ አይቻልም። እስኪጨርስ ቆሜ እደበደባለሁ።»

«ቆንጆው ነገር እኮ እሱ ነው።»

«ለሚያይ ሰው ቆንጆ ነው። እኔ ግን እያየሁ አይደለም እዮ። እየተደባደብኩ ነው።»

እዮኤል ተነሥቶ ገባ። የክፍሉ በር ተዘጋ፣ ከዚያ አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ። እናታቸው አንሶላውን እንዳቀፈች በሩን አየች፣ ሶልያናን አየች፣ በረጅሙ ተነፈሰች።

«አጥሚት ልሥራ?» አለች።

ሶልያና እንባዋ መጣ። እውነቱን መናገር ይሻላል የሚሉ ሰዎች ወንድም የላቸውም ማለት ነው ብላ አሰበች። እናታቸው ወደ ማድ ቤት ስትዞር ግን በሩ ተመልሶ ተከፈተ። እዮኤል ፀጉሩ ተንጨባርሮ፣ ስልኩን በእጁ ይዞ ቆሟል።

«እማዬ» አለ፣ «እስቲ ጫማሽን አውሺኝ።»

ሰኞ አማካሪው ጋ ሄደ፤ የሄደው ግን አንድ ሳምንት እንዲጨምርለት ለመለመን ነው። አማካሪው ጌሙን ወይም ሲስተሙን፣ እስከሚቀጥለው ሰኞ ወስን አለው። ያ ሳምንት ለቤቱ ጤና አልሰጠም። እዮኤል በነጠላ ጫማው ሶፋውን፣ ጀሪካኑንና የገዛ ጭኑን እየመታ ድምፁን ቀረጸ። አንዱም እንደዚያ ዕለቱ ጷ አላለም። በመጨረሻ እሱና ሶልያና የጫማውን ባለቤት ለመኗት። እናታቸው በሲዳምኛ የሆነ ነገር አጉረመረመች፤ በጣም ሲገርማት ወደ ሲዳምኛ ነው የምትዞረው። ከዚያ በአማርኛ፣ በረሮ በሌለበት በባዶ እንደማትመታ አስታወቀቻቸው። ሶልያና አልተከራከረችም። ሳሎኑ ጥግ ላይ ከሩቅ በረሮ የምትመስል አንዲት የተምር ፍሬ አስቀመጠች፣ እዮኤል ስልኩን ይዞ ከመጋረጃው ኋላ ተደበቀ። እናታቸው በዚያ ስታልፍ ቤቱ ተንቀጠቀጠ፤ ድምፁም ተገኘ። ጫማዋ ኮምፒውተር ውስጥ መግባቱን ስትሰማ ግማሽ ቀን ተቆጣች፣ ግማሽ ቀን ለሥራ ባልደረቦቿ አወራች።

እዮኤል መንጠራራቱን ሲቆርጠው ሶልያና አጠገቡ ነበረች። ጥርስ እንደሚነቀልለት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነው ማውሱን የተጫነው። መሽከርከሩን ግን አልጣለውም፤ ሊቀመንበሩ ሲሸነፍ ዓሣ አጥማጁ በደስታ እንዲሽከረከርበት ወደ መጨረሻው ወሰደው። አሁን ኤክስ ስትነካ መቅዘፊያው አብሮ ይወርዳል። ሲያርፍ፣ እናታቸው ጫማዋን ይዛ ቀጥ እንዳለችው፣ ሁሉም ነገር ለቅጽበት ቀጥ ይላል። ቅጽበቷ አጭር ናት፣ እጅ ግን ያውቃታል። ከዚያ ጷ! ላባው ይበናል፣ አባ ኮዳው ራሰ በራውን እየነቀነቀ ወደ ኋላ ይንገዳገዳል።

ከትምህርት ቤት በተመለሰች ቁጥር «አሁንስ?» ይላታል። እሷም አልሆነም ትለዋለች፣ የቱ ጋ እንዳልሆነም ትነግረዋለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ፊቱ ይጠቁር ነበር። በኋላ በኋላ ሳትናገር በፊት ግንባሯ ሲቋጠር አይቶ ማስተካከል ጀመረ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሶልያና የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳዘለች ተቀመጠች። አንድ አባ ኮዳ መጣ፤ ጷ። ሁለት መጡ፤ ጷ፣ ጷ። ሊቀመንበሩ ክንፉን ዘርግቶ ሲመጣባት ወደ ጎን ተንከባለለች፣ መንቁሩ ባዶ መሬት ወጋ፣ ዞራ አናቱ ላይ አሳረፈችበት። እናታቸው ለመክሰስ ጠራቻት፣ አልሰማችም። ደግማ ጠራቻት፣ አሁንም አልሰማችም። ምላሷን በጥርሷ ይዛ ከወንበሩ ጋር አብራ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ታዘማለች። ሊቀመንበሩ ሊወድቅ ትንሽ ሲቀረው፣ ከጀርባዋ ሌላ አባ ኮዳ መጣና በአንድ መንቁር ዘረራት።

«ጆይስቲኩ ነው!» አለች ጠረጴዛውን እየመታች። «እኔ ልሙት፣ ኤክሷ አትሠራም!»

እዮኤል የሻይ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ጆይስቲኩ ጤነኛ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

«ምን አልሽ?»

«ምንም።»

«እስቲ ድገሚው።»

አልደገመችውም፤ ሳቋ አመለጣት። እዮኤልም ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ካየችው ቆይታለች። ከዚያ ዓይን ዓይኗን እያየ፣ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን እያየ፣ እንግዲያው ነገ ለልጆቹ እንውሰደው ወይ ብሎ ጠየቃት። ሰኞ አማካሪው መልስ ይጠብቃል።

«አሪፍ ነው» የምትለዋ ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። በዚህ ጊዜማ ውሸት ናት ለማለትም አይቻልም። ሶልያና ወደ ስክሪኑ ዞረች። የገደላት አባ ኮዳ ከዓሣ አጥማጁ ኋላ ቆሟል፤ ሲመጣ አላየችውም።

«ገና ነው» አለች። «የጌሙ ካሜራ ወደ ኋላ አይዞርም። ከኋላ የሚመጣውን ሳላየው ነው የምሞተው። ልጆቹ ይህን አይምሩህም።»

ጠበቀች። ፊቱ አልጠቆረም። ወንበሩን ስቦ ተጠጋና ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሊያዞር እጁን ዘረጋ።

«እሺ፣ ተነሺ ላስተካክለው» አለ። «የተሸነፈ ይነሣል።»

ሶልያና ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። እግሯን ቀስ አድርጋ በወንበሩ እግር ላይ ቆለፈች።

«አንድ ብቻ» አለች። «የመጨረሻ።»